ስለ ሕፃናት ምሳ ዕቃ የሚወራውና እውነቱ

እናት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ የትናንቱን እንጀራ ከሞሰቡ አውጥታ፣ ወጡን አሙቃ፣ እንዳይፈስና እንዳይረጥብ ጠቅልላ በልጇ ምሳ ዕቃ ውስጥ ስታኖር፣ ከምግበ ሥጋው ጋራ አብራ የምታስቀምጠው ሌላ ነገር እንዳለ ልጅ አስተምሮ የሚያውቅ ሁሉ አይስተውም፤ ይኸውም እርሷ በሌለችበት ሰዓት፣ በማታየውም ገበታ ላይ፣ ልጇ ከቤቱ ማዕድ እንዳይለይ የምትመኘው ምኞት ነው። ይህ ዕቃ ከእናቲቱ እጅ ከወጣ በኋላ፣ ወደ ሕፃኑም አፍ ሳይደርስ፣ ሦስተኛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ «ይህ ይገባል፣ ይህ አይገባም» የሚልበት ሥርዐት በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በአዲስ አበባም አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ቺፕስና ከረሜላ እንዳይቋጠር ለወላጆች ማስታወሻ ይልካሉ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ደግሞ ጉዳዩ ከጋዜጣ አልፎ እስከ ምክር ቤት ደርሷል።

ይህን ሐተታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በባሕር ማዶ የምትኖር እኅቴ ያወጋችኝ ነገር ነው። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ፣ የመጀመሪያዋን ዐቢይ ጾም በያዘችበት ሰሞን፣ እንጀራ በምስር ወጥ ተቋጥሮላት ከሄደችበት ትምህርት ቤት፣ በምሳ ዕቃዋ ክዳን ላይ አንዲት ካርድ ተለጥፋበት ተመለሰች። ካርዲቱ «ለነገ እባክዎ የተሟላ ምሳ ይላኩ» የምትል ነበረች። እንጀራው አልተነካም። እኅቴ ተቈጣች፤ እኔም ከእርሷ ጋራ ተቈጣሁ። ነገር ግን ቍጣችን ከበረደ በኋላ ጉዳዩን እያገላበጥሁ ብመረምረው፣ ወላጆች ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችም ስለ ወላጆች የሚያምኑት አብዛኛው ነገር ከእውነቱ ርቆ አገኘሁት፤ ስለዚህ ደጋግሜ የሰማኋቸውን አባባሎች እያነሣሁ፣ ከእያንዳንዱ ጋራ የሚሄደውን እውነት እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ምሳ ዕቃ መፈተሽ የዛሬ ዘመን የጤና ሰዎች ፈሊጥ ነው»

አይደለም። እጅግ የከረረ የምሳ ዕቃ ምርመራ የተካሄደው፣ ስለ ሕፃናት ውፍረት የሚጨነቅ ሰው ባልነበረበት ዘመን፣ የቃኘው ሻለቃ ጀግኖቻችን ደማቸውን ባፈሰሱባት በደቡብ ኮርያ ነው። ከኮርያው ጦርነት በኋላ አገሪቱ ለሕዝቧ የሚበቃ ሩዝ አልነበራትምና፣ የፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ሕዝቡ ሩዙን ከገብስና ከሌላ እህል ጋራ ቀላቅሎ እንዲበላ፣ የስንዴ ዱቄት ምግብም እንዲያዘወትር በዐዋጅም በስብከትም አስገደደ፤ ምግብ ቤቶች ሩዝ የማያቀርቡባቸው ቀኖች ተወሰኑ፤ በትምህርት ቤትም የምሳ ሰዓት ሲደርስ መምህሩ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን ተማሪ ምሳ ዕቃ እያስከፈተ፣ ከነጩ ሩዝ መካከል ገብስ መኖሩን ይመለከት ነበር። ያልተቀላቀለ ነጭ ሩዝ ይዞ የተገኘ ልጅ ይገሠጻል፤ ይቀጣልም። ነጭ ሩዝ ለልጇ ለማብላት የቻለችና የፈቀደች እናት ከላይ ጥቂት ገብስ ነስንሳ ከሥር ነጩን ትደብቅለት እንደ ነበረ፣ ያን ዘመን ያዩት ኮርያውያን እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ለሕዝቡ የተነገረው ምክንያት ቅልቅሉ እህል ለጤና ይበጃል የሚል ነበር፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ዋናው ምክንያት ግን የመንግሥቱ ጎተራ መጕደሉ ነው፤ ለዚህም ምስክሩ በ1970ዎቹ አጋማሽ አዲሱ የሩዝ ዘር ምርቱን አብዝቶት አገሪቱ ራሷን ስትችል ቍጥጥሩ እየላላ መቅረቱ ነው። በዚህ ታሪክ ላይ የዘገየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሩዙ ክርክር የነበረው በመንግሥትና በወላጅ መካከል ሲሆን፣ በክፍሉ ፊት ቆሞ ያፈረው ሩዙን ያልገዛው፣ ያልቀቀለው፣ ገብሱንም ያልከለከለው ሕፃን ነው። በእኔ አስተያየት የምሳ ዕቃ ምርመራ ጥፋት ምግቡን መመርመሩ አይደለም፤ ለወላጅ ሊነገር የሚገባውን ቃል በልጁ ገበታ ላይ መናገሩ ነው። ከዚህ በታች በምጠቅሳቸውም አገሮች ያው ጥፋት፣ ምንም እንኳ በለዘበ መልክ ቢሆን፣ ተመልሶ ይታያል።

«መንግሥት በሕግ ደንግጎታል» ወይም «ማንም የልጄን ዕቃ የመክፈት ሥልጣን የለውም»

እነዚህ ሁለት አባባሎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሲሆኑ፣ አንድ ወላጅ በአንድ ንግግር ሁለቱንም ሲላቸው ሰምቻለሁ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ስለሚያበስሉት ምሳ የወጣ ሥርዐት አለ። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ለተማሪዎች ምሳ እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለባቸው፤ የ1980ው ሕግ ግን ያን ግዴታ አነሣው፣ የምግቡንም ደረጃ ሻረው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ዝነኛው የምግብ ባለሙያ ጄሚ ኦሊቨር በቴሌቪዥን የትምህርት ቤቶችን ማእድ ቤት ገበና ገልጦ ካሳየ ወዲህ ጠበቅ ያለ ደረጃ ተደነገገ፤ አሁን የሚሠራበት ደንብ በ2015 የጸና ነው። ይህ ሁሉ ሕግ ግን ከቤት ተቋጥሮ ስለሚመጣው ምሳ አንዳች አያዝዝም። ስለ እርሱ ደንብ የሚያወጣው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በገዛ ሥልጣኑ ነው።

ትምህርት ቤቱ ይህን ማድረግ ይችላልን? ይችላል። በ2015 ጥያቄው በላይኛው ምክር ቤት ለትምህርት ሚኒስቴር ባለሥልጣኑ ለሎርድ ናሽ ቀርቦላቸው ሲመልሱ፣ ትምህርት ቤቶች በደንባቸው የተከለከለ ምግብ እንዳይገባ ምሳ ዕቃ ከመፈተሽ የሚከለክላቸው ነገር እንደሌለ፣ አግባብ ሲሆንም የተገኘውን መያዝ እንደሚችሉ ገለጡ። ነገር ግን ፍተሻው ሲደረግ ተማሪው ቢገኝ፣ ምግብም የሚወሰድ ከሆነ ሁለተኛ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ቢቆም መልካም መሆኑን ጨምረው ተናገሩ። ለአንድ ቁራሽ ብስኩት ምስክር ማቆም ለአንዳንዱ ሰው የተጋነነ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን የሕፃን ዕቃ የሰው ዕቃ መሆኑን የሚያስታውስ ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በአሜሪካም እንዲሁ ነው። በ2010 የወጣውና በባለቤታቸው በወይዘሮ ሚሼል ኦባማ ደጋፊነት የሚታወቀው የፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የትምህርት ቤት ምግብ ሕግ «የእናቶችን ሳንድዊች ከለከለ» ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ ሕጉ የሚገዛው ግን ትምህርት ቤቶች የሚያቀርቡትንና የሚሸጡትን ምግብ እንጂ ከቤት የሚመጣውን አይደለም። ወሬውን ያባባሰው በጥር 2012 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በሆክ አውራጃ የሆነው ነገር ነው። አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን የተርኪ ሥጋና አይብ የገባበት ሳንድዊች፣ ሙዝ፣ ቺፕስና የፖም ጭማቂ ተቋጥሮላት ሳለ፣ ምሳሽ አልተሟላም ተብላ ከትምህርት ቤቱ ማእድ ቤት ሌላ ሰሃን ቀረበላት፤ ከዚያም የበላችው የተጠበሰ የዶሮ ሥጋ ቁራጭ ነበረ። ምግቧ ተነጠቀ ተብሎ ተወራ፤ የግዛቱ ባለሥልጣኖች በበኩላቸው ማንም ምግቧን አልወሰደም ሲሉ አስተባበሉ። ደንቡ ራሱ ሲነበብ የሚለው ከሁለቱም ይልቅ የዋህ ነው፤ የሕፃናት ማቆያ ተቋም ከቤት የመጣው ምሳ የጐደለው ነገር ካለ የጐደለውን ይጨምርበት ይላል። መጨመር እንጂ መተካት አላለም። ሆኖም አራት ዓመት የሆናት ልጅ፣ ትልቅ ሰው መጥቶ ሌላ ሰሃን ሲያስቀምጥላት፣ የእናቷ ምሳ ጥፋት መሆኑን ካልሆነ በቀር ምን ልትረዳ ትችላለች?

«ከእናት እጅ የወጣ ምሳ ምን ጊዜም ከትምህርት ቤት ምሳ ይሻላል»

ይህን ለማፍረስ እጄ ይከብደኛል፤ እውነቱ ግን መነገር አለበት። በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ምሳ ዕቃ መርምረው፣ ለትምህርት ቤት ምሳ የተደነገገውን ደረጃ በሙሉ የሚያሟላው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ መልሰው ቢመረምሩ ከመቶ 1.6 ሆነ። አትክልት ወይም ሰላጣ የተገኘው በአምስት ምሳ ዕቃ ውስጥ በአንዱ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የታሸገ ጣፋጭና ጨዋማ ቁርሳ ቁርስ ግን ከግማሽ በሚበልጠው ውስጥ ከልክ በላይ ነበረ።

ይህን ቍጥር ያነበበ ሰው እናቶችን ለመውቀስ አይቸኵል። የተደነገገው ደረጃ የተጻፈው ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የምግብ ዐዋቂ ላለው ማእድ ቤት ነው፤ ምሳ ዕቃ ግን ከንጋት እስከ ቀትር በቦርሳ ውስጥ የሚቈይ፣ ሳይሞቅ የሚበላ፣ ሕፃኑም ባይወደው ሳይነካው የሚመልሰው ነገር ነው፤ ድኻ እናት ደግሞ ልጇ የማይበላውን ካሮት ገዝታ ለመጣል አቅም የላትም፤ እንደሚበላ የምታውቀውን ትልካለች። ስለዚህ ጕድለቱ ከፍቅር ማነስ አይደለም። ጕድለት ግን ነው፤ ፍቅር በዕቃው ውስጥ መኖሩ ጎመን በዕቃው ውስጥ አለመኖሩን አያካክስም። የእኔም እኅት ከምስሩ ጋራ ጎመን ጨምራ እንደ ነበረ ስጠይቃት ዝም አለች።

«ኦቾሎኒ ከትምህርት ቤቱ ከተከለከለ ሕፃናቱ ሁሉ ይድናሉ»

ከምሳ ዕቃ ክልከላዎች ሁሉ ጽኑ ምክንያት ያለው ይህ ስለሆነ፣ ማንም ወላጅ አቅልሎ እንዳያየው አስቀድሜ እለምናለሁ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ጥቂት ቢቀምስ በደቂቃዎች ውስጥ ጉሮሮው ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊያጥር፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፤ ኤፒነፍሪን የሚባለው መድኀኒት በጊዜው ካልተወጋም ሊሞት ይችላል። እኛ ከአገር ስንወጣ በጓዛችን የምናስከትለው ቆሎ ኦቾሎኒ ያለበት መሆኑን፣ እናቶችም ለልጅ ሲያስይዙት እንደ ነውር ሳይሆን እንደ በረከት አድርገው መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ነገር አይደለም።

ነገር ግን ክልከላው የሚታሰበውን ያህል ይጠብቃልን? በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ትምህርት ቤቶች ከ2006 እስከ 2011 የሰጡትን የኤፒነፍሪን መርፌ የመረመረና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ኦቾሎኒ ከቤት እንዳይመጣ የከለከሉና ያልከለከሉ ትምህርት ቤቶች መርፌውን በመስጠት ረገድ ልዩነት እንዳልታየባቸው፣ ኦቾሎኒ የማይቀርብበት የተለየ ገበታ ባዘጋጁት ግን ቍጥሩ ያነሰ መሆኑን አገኘ። ምክንያቱ ምን ይሆን ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ መላ ሊመታ ይችላል፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን፣ በር ላይ የተጻፈ ክልከላ ልብን አሳርፎ ዐይንን ሲያስከድን፣ ገበታ ላይ የተደረገ ጥንቃቄ ግን ለሚመለከተው ልጅ በቅርቡ ዘብ ስለሚቆም ነው።

ሽታው ብቻ ይገድላል የሚለውም ፍርሀት ብዙ ሰው ይዟል። በ2003 የታተመ የኒውዮርክ ሐኪሞች ሙከራ፣ ኦቾሎኒ አጥብቆ የማይስማማቸውን 30 ልጆች የኦቾሎኒ ቅቤ ሽታ እንዲያሸቱ፣ ቆዳቸውንም እንዲነካቸው አድርጎ፣ አንዱም ልጅ መላ ሰውነቱን በሚያናውጥ ሕመም አለመያዙን አየ፤ አደጋው በአፍ በመግባቱ ነውና። በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኦቾሎኒውን ቅሬታ ከእጅ የሚያጠፋው በሳሙና መታጠብ ወይም በእርጥብ መጥረጊያ መጥረግ መሆኑን፣ ውኃ ብቻውንና የእጅ ማጽጃ ጄል ግን ቅሬታ እንደሚተዉ አሳየ። እጅን ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ አለመቅረብ ለእኛ የአባቶች ሥርዐት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከበሉ በኋላ መታጠቡ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋራ የሚያያዝ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመታቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ ይመክሩ ነበር። በ2008 ግን በእንግሊዝና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆች ቢነጻጸሩ፣ ኦቾሎኒ የማይስማማቸው በእንግሊዝ ከመቶ 1.85፣ በእስራኤል ከመቶ 0.17 ሆነው ተገኙ፤ ልዩነቱም የእስራኤል ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ባምባ የተባለውን ኦቾሎኒ ያለበት ቁርሳ ቁርስ መብላታቸው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ፕሮፌሰር ጊዴዎን ላክና ባልደረቦቻቸው ይህን ለማረጋገጥ፣ ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ጨቅላዎችን በሁለት ከፍለው፣ ለገሚሶቹ ኦቾሎኒ ያለበትን ምግብ በየጊዜው እየሰጡ፣ ከገሚሶቹ እየከለከሉ እስከ አምስት ዓመታቸው ተከታተሉ። በ2015 የታተመው ውጤት፣ ከተከለከሉት ከመቶ 17.2፣ ከበሉት ግን ከመቶ 3.2 ብቻ ኦቾሎኒ እንደማይስማማቸው አሳየ። ይህ ስለ ጨቅላዎች፣ በሐኪም ዐይን ሥር የተደረገ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ሕመሙ የተገለጠበትን ተማሪ «ልመደው» ብሎ ማቅመስ ግን ነፍስ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቼ ደግሞ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በምግብ ላይ ተለይተው እንዲጻፉ ካዘዛቸው 14 የአለርጂ ምክንያቶች መካከል ከኦቾሎኒ ሌላ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ግብጦ ይገኛሉ፤ በአሜሪካም ሰሊጥ ከጥር 2023 ጀምሮ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨምሯል። ሰናፍጭን በጾም ገበታችን እናውቀዋለን፤ ግብጦም የጎጃምና የጎንደር ሰው የሚቆረጥመው ነው። ኑግ፣ ሱፍና ተልባ በዝርዝሩ የሉም። ስለዚህ መምህርት «በዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ባህላችንን እንደ ናቀች ሳይቈጠርባት፣ በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ ሊሰጣት ይገባል።

«ስኳር ልጅን ያቅበጠብጣል»

ብዙ ሰው ጣፋጭ ይከልከል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሐሰት ነው። እስከ 1995 የተደረጉ ሙከራዎች ተሰብስበው በተመረመሩ ጊዜ ስኳር የልጆችን ጠባይም ሆነ አእምሮ ሲለውጥ አልተገኘም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በታተመ ሙከራ፣ ለ35 ወንዶች ልጆች ሁሉ ስኳር የሌለው መጠጥ ተሰጥቶ፣ ለገሚሶቹ እናቶች «ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል» ቢባሉ፣ እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ይበልጥ ቅብጥብጥ አድርገው አዩአቸው። ስኳር የሚያበላሸው ጥርስን ነው፤ ከልክ ሲያልፍም ውፍረትን ያመጣል፤ ለመከልከሉ ይህ ብቻውን ይበቃል።

«ወተትና ሥጋ የሌለበት ምሳ የተሟላ አይደለም»

ወደ እኅቴ ልጅ እመለሳለሁ። በጾም ወራት የተቋጠረ እንጀራና ምስር በዚያች መምህርት ዐይን ጐደሎ የሆነበት ምክንያት ይገባኛል፤ በትምህርት ቤት የተሰቀለው ሥዕል ላይ ወተት በብርጭቆ፣ ዕንቍላልም ከነቅርፊቱ ተሥሎ ሲታይ፣ ቡናማና ቀይ ሆኖ የተጠቀለለ ነገር ግን አይታይም። እውነቱን ብንመረምር ግን፣ የእህል ፕሮቲን የሚጐድለውን ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ይሰጣሉ፤ ጤፍ ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ የሊጡም መብላላት፣ ማዕድናት በሰውነት እንዳይገቡ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ጾምን ያቈዩልን አበው ይህን በቤተ ሙከራ አላዩትም፤ ማዕዱ ግን በጾሙ ወራት ያለ ወተትና ያለ ሥጋ ትውልድን አሳድጓል።

እኛም ደግሞ ከራሳችን ወሬ እንጠንቀቅ። «ጤፍ በብረት ማዕድን የሚተካከለው የለም» ሲባል፣ በእህሉ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ከዐውድማው አፈር የተቀላቀለ መሆኑን የኢትዮጵያ ጤፍ ምርመራዎች አሳይተዋል። ቢ 12 የተባለው ቫይታሚንም በእንጀራና በምስር አይገኝም፤ ስለዚህ የሚጾም ልጅ በፍስክ ቀኖች ወተቱንና ዕንቍላሉን ሳይታክት ማግኘት አለበት፤ ጾሙም ለሕፃን እንደ ዐቅሙ ነው። መምህርቲቱ ይህን ብትጠይቅ ኖሮ እኅቴ ደስ ብሏት ባስረዳቻት ነበር፤ ጥያቄው ግን በካርድ ሆኖ በልጅቱ ምሳ ዕቃ ክዳን ላይ ተለጠፈ፤ ክፍሉም ሁሉ አየው።

እኅቴ በነጋታው ለመምህርቲቱ ደብዳቤ ጻፈችላት፤ መልሱም በትሕትናና በይቅርታ የተሞላ ነበር፤ ካርድ መለጠፉም ቀረ። ልጅቱ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ዳቦ ብቻ እንዲቋጠርላት ትለምናለች። እንጀራውን ለራት ትበላዋለች፤ በሩ ተዘግቶ፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ።